ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፦ አውቶቡሱን ቤት ከማድረግ በፊት ወለሉን መግለጥ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ያገለገለ የተማሪ አውቶቡስ ገዝተው ቤትም መኪናም ስለሚያደርጉ ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ወጥ ቤቱም፣ አልጋውም፣ መጋረጃውም በፎቶግራፍ አምሮ ወጥቷል። ወጪው ግን አውቶቡሱና እንጨቱ ብቻ ሆኖ ነው የቀረበው። የቤት ኪራይ ብዙውን ወገን ባስመረረበት በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ፣ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ ጨረታ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በሞተር ጥገናና በብየዳ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ የቀረውን መጨመር ፈልገናል። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡም ድካሙም መጀመሪያ መዋል ያለበት ፎቶግራፍ ላይ በማይታየው ቦታ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ዝገት ላይ የተነጠፈ ወለልም ጥቂት ክረምት ካለፈበት በኋላ ተመልሶ ይነሳል፣ ያን ጊዜ ግን ቁምሳጥኑም፣ አልጋውም፣ ምድጃውም አብሮ ይነሳል።

አገር ቤት ቅጥቅጥ የምንለው አይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካል ተሠርቶለት እንደሚወጣ ሁሉ፣ አፍንጫ ያለው የአሜሪካ የተማሪ አውቶቡስም ከሥሩ የጭነት መኪና ነው። ሻንሲው፣ ባሌስትራው፣ ሞተሩ፣ ፍሬኑ ከዚያው የመጣ ነው። አካሉ ደግሞ ከኤፕሪል 1 ቀን 1977 ወዲህ የተሠራ ከሆነ የጣሪያው ጥንካሬና የላሜራው መጋጠሚያ በፌዴራል ደንብ የተወሰነ ነው። በዚህ የተነሳ ከቀጭን እንጨትና ከፋይበር ከሚሠራው የፋብሪካ ሞተር ሆም (መኖሪያ መኪና) ይልቅ አውቶቡስ የሚመርጡትን ተሳስታችኋል አንልም። ብረት ግን ጠላቱ ዝገት ነው፤ የአውቶቡስ ዝገት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሥር ነው።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት አውቶቡሱ ክረምቱን የት ሲያሳልፍ እንደኖረ ነው። በኦሃዮ፣ በፔንሲልቬንያ፣ በኒውዮርክ፣ በሚቺጋንና በሚኒሶታ በረዶ ሲጥል መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨውና ውሃ የተቀላቀለበት ጭቃ አሥር ዓመት ሙሉ ከሥር ሲረጨው የኖረ ላሜራ ከላይ አዲስ ቢመስልም ከታች ወንፊት ሊሆን ይችላል። የአሪዞና፣ የኔቫዳና የደቡብ ቴክሳስ አውቶቡሶች ቀለማቸው በፀሐይ የነጣ፣ የወንበራቸው ላስቲክ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል፤ ብረታቸው ግን ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ከላስ ቬጋስ እስከ ዋሽንግተን ወደ 2,400 ማይል ነው። አውቶቡሱ በጋሎን 8 ማይል ቢሄድ 300 ጋሎን ናፍጣ ይፈጃል ማለት ነው። ይህ ወጪ የበሰበሰ ወለልና የበሰበሰ የሻንሲ ማያያዣ ቆርጦ እንደገና ከመበየድ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

የትም ይምጣ የት፣ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ሳይገቡ አውቶቡስ አይገዛም። የእጅ ባትሪ፣ መዶሻና ካቻቪቴ ያዙ። መውጫ ደረጃው ያለበት ጉድጓድ፣ የኋላ ጎማዎች ቅስት፣ ከሹፌሩ እግር ሥር ያለው ወለል፣ የኋላው የአደጋ በር ግርጌ፤ መጀመሪያ የሚበሉት እነዚህ ናቸው። በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ የብረት ድምፅ የሚሰጥ ደህና ነው። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ወይም ካቻቪቴው ከገባ ዋጋው ይቀነስ ወይም አውቶቡሱ ይቅር። ከሥር ትኩስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ካያችሁ ያ ቀለም ምን እንደሸፈነ ሳታዩ አትክፈሉ።

ሞተርን በተመለከተ ጥቂት ስም ማወቅ ይበቃል። የኢንተርናሽናል ዲቲ 466 ባለ 7.6 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ላይነር (ፒስተኑ የሚመላለስበት የውስጥ ቱቦ) የሚወጣና የሚለወጥ ስለሆነ ሞተሩን ከመኪናው ሳያወርዱ ማደስ ይቻላል። ከመግዛት በፊት ግን የራዲያተሩ ውሃ በመመርመሪያ ወረቀት ይታይ። ለናፍጣ ሞተር የሚጨመረው መከላከያ ኬሚካል ከጎደለ፣ ላይነሩ በንዝረት ብዛት ከውጭ በኩል በትንንሽ አረፋ እየተቦረቦረ ይሄድና ውሃ ወደ ዘይት ይገባል። ወረቀቱ የሚሸጠው በጥቂት ዶላር ነው። ከ1998 በፊት የነበረው ባለ 12 ቫልቭ ከሚንስ 5.9 ኮምፒውተር የሌለው፣ ለመጠገን የሚመች ሞተር ነው። የታወቀ አንድ ችግር አለበት፦ ከፊት ባለው የጥርስ ማርሽ ቤት ውስጥ ያለች ትንሽ የብረት ካስማ ከቦታዋ ወጥታ ማርሹ መሃል ልትገባ ትችላለች። የፊት ሽፋኑ ተከፍቶ ካስማዋ እንዳትወጣ የሚይዝ ትንሽ ብረት ከታሰረባት ነገሩ ያበቃል። ሻጩ ይህ ተሠርቷል ካለ ደረሰኝ ያሳይ።

ከ2007 ወዲህ የወጡ ሞተሮች የጭስ ማጣሪያ አላቸው፣ ከ2010 ወዲህ ደግሞ ለአብዛኞቹ የዩሪያ ፈሳሽ ይጨመርባቸዋል። ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው ሞተሩ ረጅም መንገድ ሄዶ ሲግል ነው። እንደ ቤት ቆሞ፣ አልፎ አልፎ ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚንቀሳቀስ አውቶቡስ ማጣሪያው ይደፈናል፣ ኮምፒውተሩም የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። በብዛት ቆሞ ለሚኖርበት ሰው ከዚያ በፊት የተሠራውን እንመክራለን።

ሻጩ እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሳው በስልክ ንገሩት፤ ስትደርሱ ሞተሩ ላይ እጃችሁን አድርጉና መቀዝቀዙን አረጋግጡ። ተግቶ የሚነሳና የማይነሳ ሞተር የሚለየው ሲቀዘቅዝ ነው። ከተነሳ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ ገልብጣችሁ አፉ ላይ አስቀምጡት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ጤና ነው። ተስፈንጥሮ ቢወድቅ ፒስተኑ ትንፋሽ እያሳለፈ ነው።

ሰው ሞተሩን አይቶ ካምቢዮውን ይረሳል፤ ብዙ ጸጸት የሚመጣውም ከዚህ ነው። በብዙ አሮጌ አውቶቡሶች ላይ ያለው አሊሰን ኤቲ 545 አራት ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ሲሆን፣ በፍጥነት ሲሄድ ሞተሩንና ካምቢዮውን ቆልፎ የሚያያይዝ ክፍል የለውም። ለከተማ የልጆች ምልልስ ይበቃል። የአፓላቺያን ወይም የኮሎራዶን ዳገት ግን ቤት ተሸክሞ ሲወጣ ዘይቱ ይግላል፣ ቁልቁለት ላይም ሞተሩ መኪናውን አይዝም። ኤምቲ 643፣ ወይም ከኋላ የመጡት የ2000 እና የ3000 ተከታታይ አሊሰኖች ይህ ችግር የለባቸውም። ኤቲ 545 ያለውን የገዛ ሰው ቢያንስ የካምቢዮ ዘይት ሙቀት መለኪያና ትልቅ የዘይት ማቀዝቀዣ ያስገባ። የዲፈረንሻሉንም የማርሽ ምጣኔ ቁጥር ጠይቁ፦ 6.14 ወይም 5.38 ከሆነ ሞተሩ እየጮኸ በሰዓት ከ55 እስከ 60 ማይል ላይ ይቀራል፤ 4.44 ወይም ከዚያ ያነሰ ለሀይዌይ ይሆናል።

የአየር ፍሬን ያለበትን አውቶቡስ ለመፈተሽ ከወገኖቻችን መካከል አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ይዞ መሄድ ነው፤ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያለው ሁሉ ፈተናውን በቃሉ ያውቀዋል። አየሩ ሞልቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ ጎማው በእንጨት ተይዞ ሳለ የአየሩ ግፊት በአንድ ደቂቃ ከ2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በላይ መውረድ የለበትም፤ ፔዳሉ ተረግጦ ከ3 በላይ። አየሩን በፔዳል እያወረዱ ሲሄዱ 60 አካባቢ ላይ ማስጠንቀቂያው መጮህ አለበት፣ ከ45 እስከ 20 ባለው መሃል ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ራሱ ዘሎ መያዝ አለበት። ጎማው ላይ የተጻፈውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥርም ተመልከቱ። 3419 ካለ በ2019 በ34ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ዕድሜው ካለፈ ለፊት መሪ አይሆንም። አውቶቡሱ ስድስት ጎማ ነው ያለው፤ ስድስቱን መለወጥ በቀላሉ ከ2,000 ዶላር ይበልጣል፣ ከግዢው ዋጋ ጋር አብሮ ይደመር።

አሁን ወደ ወለሉ። ባለ 72 ተማሪ አውቶቡስ 24 ወንበር አለው፣ እያንዳንዱም ወለሉን ዘልቆ ከሥር በዳዶ በታሰረ ብሎን ተይዟል። አንድ ሰው ከላይ፣ አንድ ሰው ከሥር ሆነው መፍታት ይቻላል፤ የዛገው ግን አይፈታም፣ ባለ 4½ ኢንች ግራይንደር ይዞ የብሎኑን ራስ መቁረጥ ነው። ዲስኩን በጥቅል ግዙ። ብልጭታው ወንበር ስፖንጅ ላይ እንዳያርፍ የተፈታው ወንበር ወዲያው ይውጣ፣ የእሳት ማጥፊያም አጠገብ ይቀመጥ። ከወንበሩ ሥር የላስቲክ ምንጣፍ፣ ከላስቲኩ ሥር ኮምፖልሳቶ፣ ከኮምፖልሳቶው ሥር ላሜራው ይገኛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ላስቲኩን አንስቶ ኮምፖልሳቶው ደህና መስሎት አዲሱን ወለል በላዩ ያነጥፋል። ኮምፖልሳቶው በዝናባማ ቀን በተማሪዎቹ ጫማ የገባውን ውሃ ሁሉ ጠጥቶ ላሜራው ላይ አቅፎት የኖረ ነው። ሁሉም ይነሳ፤ የደህናውም ደህና አውቶቡስ ቢሆን ሁሉም ይነሳ።

ላሜራው ሲገለጥ በመፋቂያና በሽቦ ብሩሽ እስከሚያብረቀርቅ ይጸዳል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ብሩሽ የማይደርስበት ቅሪት ላይ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት መድኃኒት ተቀብቶ እስከ ማግስቱ ይቆያል። ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ከተገኘ ዙሪያው እስከ ደህናው ብረት ተቆርጦ 16 ጌጅ ወይም ከዚያ የወፈረ ላሜራ ይበየድበታል፤ ብየዳ የማይችል ሰው በሪቬትና በፖሊዩሪቴን ማስቲሽ ሊያስረው ይችላል። የብሎን ቀዳዳዎቹን ብዙ ሰው በአሜሪካው የአንድ ሳንቲም ገንዘብ (ፔኒ) ይደፍናቸዋል። ሳንቲሙ ¾ ኢንች ስፋት ስላለው ልክ ይሆናል፣ ማስቲሹ ከላይም ከሥርም በደንብ ከዞረው ይይዛል። የሳንቲሙ መዳብ ከብረት ጋር ሆኖ እርጥበት ሲነካው ግን ብረቱ እንዲዛግ ሊያደርግ ስለሚችል፣ እኛ ትንሽ የላሜራ ክብ ይሻላል እንላለን። ከዚያ ሁለት እጅ የፀረ ዝገት ቀለም። ከዚህ በኋላ ወለሉ ላይ አንድም ብሎን ስትመቱ ከሥር የናፍጣ ታንክ፣ የፍሬን አየር ቱቦና ሽቦ እንዳለ አስቡ፤ መጀመሪያ ከሥር አይቶ ምልክት ማድረግ ነው።

ሽቦ ሲነሳ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የኮርኒሱ ላሜራ ሲወርድ የቀይና የቢጫ መብራቶቹ፣ የአደጋ በሩ፣ የጣሪያ መውጫው ሽቦዎች በእቅፍ ይወጣሉ። በብዙ አውቶቡሶች የኋላው በር ተቆልፎ ከሆነ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ መስመር አለ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የቆረጠ ሰው ማግስቱን አውቶቡሱ አልነሳ ይለዋል፣ የትኛው ሽቦ እንደሆነም አያውቀውም። እያንዳንዱን ከመቁረጥ በፊት ስሙን በፕላስተር ላይ ጽፎ መለጠፍ፣ አንድ በአንድ ቆርጦም በየመሃሉ ሞተሩን ማስነሳት ነው።

ውስጡ ከመዘጋቱ በፊት ውሃ ይፈተን። ከአውቶቡስ ሁሉ የሚበልጠው ፍሳሽ የሚመጣው ከመስኮቶቹ ነው። መስኮቶቹ አንድ በአንድ ወጥተው የድሮው ማስቲሽ ተፍቆ በአዲስ ቡታይል (የሚጣበቅ የላስቲክ ማሸጊያ) ይታሸጉ። ከዚያ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው በውሃ ጎማ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ቀስ እያለ ይርጭ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው በሁሉም ላይ ስለሚወርድ የትኛው መጋጠሚያ እንደሚያፈስ አይለይም። የተነሱት መብራቶች የነበሩበት ክብ ቀዳዳም በላሜራ ይዘጋ፤ በማስቲሽ ብቻ የተደፈነ ክብ በመጀመሪያው ጠራራ ፀሐይ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ቅዝቃዜና እርጥበት፣ ሁለቱ አብረው ነው የሚታዩት። የአውቶቡሱ የብረት የጎድን አጥንቶች ከውጭ ላሜራ እስከ ውስጥ ላሜራ ይደርሳሉ፤ በመካከላቸው የፈለገውን ያህል ጥሩ የብርድ መከላከያ ቢሞላ ብርዱ በአጥንቶቹ በኩል ይገባል፣ ሌሊትም በላያቸው ላይ ጤዛ ይቆማል። ስለዚህ በየአጥንቱ ላይ ቀጭን ሞራሌ ይታሰርና ግድግዳው በሞራሌው ላይ ይመታል። ዝግ ሴል ያለው የሚረጭ ፎም በአንድ ኢንች ከ6 እስከ 7 የአር መጠን (ብርድ የመከላከል አቅም መለኪያ) ይሰጣል፣ ላሜራው ላይ ተጣብቆም አየር ወደ ብረቱ እንዳይደርስ ያደርጋል። ውድ ነው፣ ለእኛ ግን ገንዘብ ሲያጥር ከቁምሳጥኑ እንጂ ከእሱ መቀነስ ትክክል አይደለም። የሚረጨው ሰው በአንድ ጊዜ ከ2 ኢንች በላይ እንዳያወፍረው፤ ፎሙ ሲደርቅ በራሱ ስለሚግል ውስጡ ሊነድ ይችላል። ሽቦዎቹ ሁሉ ከዚያ በፊት በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አልፈው ይጠብቁት። ለወለሉ 1 ኢንች ጠንካራ ፎም አንሶላና በላዩ ኮምፖልሳቶ ይበቃል። የፎሙ ማጣበቂያ ግን ለፖሊስታይሪን የሚሆን መሆኑ ይነበብ፣ ተራው ማስቲሽ ያቀልጠዋል። አሮጌው የመስታወት ፋይበር ተመልሶ እንዳይገባ፤ ያንን እርጥብ ፍራሽ ግድግዳ ውስጥ መልሶ መክተት ነው።

እርጥበቱ ከየት ይመጣል? ሁለት ሰው ሌሊቱን በትንፋሹና በላቡ ብዙ ውሃ ያወጣል። ከዚያ የሚብሰው የጭስ መውጫ የሌለው የፕሮፔን ማሞቂያ ነው። አንድ ፓውንድ ፕሮፔን ሲነድ 1.6 ፓውንድ ውሃ ይወጣዋል፤ አንድ ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደር ሲያልቅ ወደ 15 ሊትር ውሃ በእንፋሎት መልክ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ያ ውሃ ፍራሹ ሥርና መስኮቱ ግርጌ ላይ ሻጋታ ሆኖ ይታያል። ማሞቂያው ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ፣ የሚያቃጥለውንም አየር ከውጭ የሚስብ ይሁን። በአውቶቡሱ ታንክ ናፍጣ የሚሠሩት ትንንሾቹ ማሞቂያዎች እንዲህ ናቸው። የጭስ ቱቦው ከመስኮትና ከአየር መግቢያው ራቅ ብሎ ይውጣ።

ለእኛ ሰው ለብቻው መነገር ያለበት ነገር አለ። ቡና ለማፍላት የከሰል ምድጃ አውቶቡስ ውስጥ አይገባም፣ መስኮት ቢከፈትም አይገባም። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ጭስም የለውም፣ የተቀመጠውን ሰው እንቅልፍ የያዘው አስመስሎ ይገድላል። እጣኑም ቡናውም ደጅ ላይ ድንኳን ዘርግቶ ያምራል። ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ መኝታው አጠገብ፣ የጭስ መጠቆሚያ ኮርኒሱ ላይ፣ የፕሮፔን መጠቆሚያ ደግሞ ወለሉ አጠገብ ይሰቀል፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ነው የሚወርደው። የጋዝ ሲሊንደሩ ከመኖሪያው ተለይቶ ከሥሩ ወደ ውጭ ቀዳዳ ባለው ሳጥን ይቀመጥ፣ መጋጠሚያዎቹም በሳሙና አረፋ ይፈተሹ። የኋላው የአደጋ በር አልጋ ተደግፎበት እንዳይዘጋ። ወጥ ቤቱ ከፊት፣ መኝታው ከኋላ ከሆነ እሳት ሲነሳ ያለው መውጫ ያ በር ነው።

መብራቱ በምጣዱ ይሰላ፤ በአውቶቡስ ውስጥ እንጀራ ልጋግር የሚል ሰው ከላፕቶፕና ከስልክ የተሰላ ዕቅድ አይበቃውም። ባለ 120 ቮልት የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 1,500 ዋት ይወስዳል። በ12 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ላይ፣ በኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው መሣሪያ) የሚባክነው ሲጨመር፣ 130 አምፔር ማለት ነው። 200 አምፔር ሰዓት የሆነ ሊቲየም ባትሪ የሚይዘው ወደ 2,560 ዋት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ በርቶ የሚጋገር ከሆነ ሲሶው ብቻ ይተርፋል፣ ቴርሞስታቱ እያቆራረጠው ቢሠራም ከግማሽ ብዙ አይርቅም። 400 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በመካከለኛ ቀን የሚያስገባው ወደ 1,200 ዋት ሰዓት ነው፣ ፍሪጁ ብቻውን ግማሹን ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ አውቶቡሱ ካምፕ ውስጥ ካለው የመብራት መስመር ጋር በተያያዘ ቀን ለሳምንት ጋግሮ ማስቀመጥ፣ ወይም ባትሪውንም ሰሌዳውንም እጥፍ ማድረግ ነው።

ከባትሪው እስከ ኢንቨርተሩ ያለው ሽቦ አጭርና ወፍራም ይሁን። ለ2,000 ዋት ኢንቨርተር ውፍረቱ 2/0 የሚባል የመዳብ ሽቦ፣ ፊውዙም ክላስ ቲ የሚባለው ዓይነት፣ መጠኑ አምራቹ የጻፈው፣ ከባትሪው ከጥቂት ኢንች ሳይርቅ። ሊቲየም ባትሪ ሾርት ሲያደርግ የሚለቀው ኃይል ከባድ ስለሆነ ተራው የመኪና ፊውዝ ተቃጥሎም ብልጭታውን ላያቋርጠው ይችላል። ባትሪው ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ እንዳይደረግ፤ ክፍሎቹ ለዘለቄታው ይበላሻሉ፣ ስለዚህ ቦታው የሚሞቀው የአውቶቡሱ ውስጥ ነው። ከሞተሩ ዲናሞ በቀጥታ ሊቲየም ባትሪ ላይ ማሰር ዲናሞውን ሊያቃጥል ይችላል፣ በመሃል የኃይል መቆጣጠሪያ ቻርጀር ይግባ። ሽቦው ሁሉ ብዙ ክር ያለው ይሁን፤ ለቤት ግድግዳ የሚሠራው ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ በመንገድ ንዝረት መጋጠሚያው ላይ ይላላል።

ግቢያችሁ ውስጥ ለአውቶቡሱ መሰኪያ የሚያስተክል ሰው አንዱን ጥንቃቄ እንዳይረሳ፦ ባለ 30 አምፔር የሞተር ሆም መሰኪያ 120 ቮልት ነው፣ 3,600 ዋት ይሰጣል። መልኩ የልብስ ማድረቂያ መሰኪያ ስለሚመስል 240 ቮልት የሚያስገቡበት የቤት ኤሌክትሪሺያኖች አሉ፣ ያን ጊዜ ፍሪጁም ቻርጀሩም በአንድ ቅጽበት ይሄዳል። ከመሰካት በፊት በቮልቲሜትር መለካት ነው።

ስለ ውሃ ብዙ አንልም። አንድ ጋሎን 8.34 ፓውንድ ይመዝናል፣ 60 ጋሎን 500 ፓውንድ ነው። ታንኩ ዝቅ ብሎ፣ ከኋላው አክስል ወደ ፊት ባለው በኩል፣ ከሌላው ጎን ደግሞ ባትሪና ምድጃ እንዲመዝነው ሆኖ ይቀመጥ። ሥራው ሲያልቅ የከባድ መኪና ማደያ ባለው ሚዛን ላይ ሞልቶ ይመዘንና ሹፌሩ አጠገብ ካለው የክብደት ሰሌዳ ጋር ይነጻጸር።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የፌዴራሉ ትርጉም አንድን መኪና ሞተር ሆም የሚለው ከስድስት ነገሮች ቢያንስ አራቱ ሲኖሩት ነው፦ ማብሰያ፣ ፍሪጅ ወይም የበረዶ ሳጥን፣ የራሱ ሽንት ቤት፣ ማሞቂያ ወይም ማቀዝቀዣ፣ ቧንቧና መታጠቢያ ያለው የመጠጥ ውሃ፣ ለብቻው የሆነ የ110-125 ቮልት መብራት ወይም ፕሮፔን። ግዛቶቹ በየራሳቸው ይጨምሩበታል። ክብደቱ ከ26,000 ፓውንድ ሲበልጥ የሚጠየቀው የመንጃ ፈቃድ ዓይነትም በየግዛቱ ስለሚለያይ የራሳችሁን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። በብዙ ግዛት ቢጫው ቀለም፣ የተማሪ አውቶቡስ የሚለው ጽሑፍ፣ የማቆሚያው ክንድና ቀዩ መብራት ሳይነሳ በግል መንዳት ክልክል ነው። ኢንሹራንሱ ከግዢው በፊት ይጠየቅ። እንጨት የሚያነድ ምድጃ ወይም ከፍ የተደረገ ጣሪያ ሲሰሙ እምቢ የሚሉ ኩባንያዎች አሉ።

ጣሪያ ማስነሳት እንዲያውም ለብዙ ሰው አያስፈልግም። ውስጡ 6 ጫማ ከ6 ኢንች የሆነ አውቶቡስ ፈልጎ መግዛት ይቀላል። ጣሪያውን ያስነሳና ላዩ ላይ ማቀዝቀዣ የጫነ ሰው ሸናንዶዋ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ 12 ጫማ ከ8 ኢንች መሆኑን አይርሳ። ወደ ሰሜን ለሚነዱ ደግሞ፣ ከ10 ፓውንድ በላይ የሚይዝ የፕሮፔን ሲሊንደር የጫነ መኪና በባልቲሞር ሃርበር ዋሻም ሆነ በፎርት ማክሄንሪ ዋሻ አያልፍም። ቀድሞ በኪ ድልድይ በኩል ይዞር ነበር፤ ድልድዩ ማርች 26 ቀን 2024 ከፈረሰ ወዲህ ግን ባልቲሞርን የሚዞረውን የ695 መንገድ ምዕራባዊ ጎን ይዞ መዞር ነው።

የመጨረሻው፣ በጽሑፋችሁ ፎቶግራፍ ላይ ስላየነው ነገር ነው። ልጆች ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ አውቶቡሱ እየሄደ ይታያል። የተማሪ አውቶቡስ ልጆችን የሚጠብቃቸው ወንበሮቹ ተጠጋግተው፣ ጀርባቸው ረዝሞና ለስልሶ ስለተሠሩ ነው። ወንበሮቹ ሲወጡ ያ ጥበቃ አብሯቸው ይወጣል። በእንጨት ሣጥን ላይ የተቸነከረ ሶፋ ፍሬን ሲያዝ ቀበቶ ቢኖረውም ከነሣጥኑ ይነቀላል። በጉዞ ላይ ለሚቀመጥ ለእያንዳንዱ ሰው ወደ ፊት የዞረ፣ ሦስት ቦታ የሚይዝ ቀበቶ በራሱ ላይ ያለው ወንበር ይግባ፤ ብሎኖቹ ወለሉን ዘልቀው ከሥር ሰፊ የብረት ሰሌዳ ይዘው በሻንሲው አጠገብ ይታሰሩ። የወንበሩ ብዛት ዕቅዱ ወረቀት ላይ ሲሳል ከአልጋው በፊት ይወሰን። ጽሑፉን ከቀጠላችሁበት ቀጣዩን ፎቶግራፍ በእነዚህ ወንበሮች ላይ እንድታነሱልን እንለምናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በከባድ ተሽከርካሪ ጥገናና ብየዳ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ